ሲጋራን በአፍ ኒኮቲን መተካት፦ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ፓውች ወይስ ስኑስ?

ይህ ጽሑፍ ለሚያጨስ አዋቂ ነው። በተለይ ደግሞ «ስንቴ ልተው ብዬ አቃተኝ» ለሚል ሰው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ከዚህ በታች ካሉት አንዱንም እንዳይነካ፤ በገንዘቡ ሱስ ከመግዛት በቀር የሚያተርፈው የለም። ልጆችም እንዲሁ። ኒኮቲንን ጨርሶ መተው የሚችል ደግሞ ይተው፣ ከዚያ የሚበልጥ ምርጫ የለም።

ለቀሪው ሰው መነሻው ይህ ነው። አጫሽን ከሲጋራ ጋር የሚያስረው ኒኮቲን ነው። ሳንባና ልብ የሚበላው ግን በአብዛኛው ጭሱ ነው። ትንባሆ ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ። ከነዚህ 70 ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኒኮቲን ብቻውን ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ለጽንስ ጎጂ ነው፣ ሱስነቱም የታወቀ ነው። ግን ጭሱን አስቀርቶ ኒኮቲኑን በአፍ የሚወስድ ሰው ከሚያጨሰው ሰው በጣም ያነሰ አደጋ ላይ ነው።

ብያኔዬን ከወዲሁ ልናገር። መጀመሪያ የሚሞከረው የፋርማሲው ማስቲካ ወይም ከረሜላ ነው፣ ቢቻል ቆዳ ላይ ከሚለጠፈው ፓች ጋር። እሱ አልሆን ካለ ፓውች (ከንፈር ሥር የምትገባ የኒኮቲን ከረጢት)። ስኑስ (የስዊድን የአፍ ትንባሆ) ሦስተኛ ነው፣ ያውም ሕጋዊ በሆነበት አገር ለሚኖር ሰው። ሌሎቹ ጭስ አልባ ትንባሆዎች፣ የሱዳኑ ቶምባክ፣ የየመኑ ሸማና የአገር ቤቱ ሱረት፣ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። (የማነሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ፍጥነቱን ባለማወቅ ነው

ሲጋራ ሳብ ሲደረግ ኒኮቲኑ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አእምሮ ይደርሳል። በአፍ የሚወሰድ ኒኮቲን እንዲህ አይሮጥም። በድድና በጉንጭ ቆዳ በኩል ቀስ እያለ ነው ወደ ደም የሚገባው። ማስቲካ ጫፍ ላይ ለመድረስ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ፓውች ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

«ማስቲካው አልሠራልኝም» የሚሉትን ሰዎች ጠይቋቸው። አብዛኞቹ አራራው አናታቸው ላይ ከወጣ በኋላ ነው አፋቸው ውስጥ የጨመሩት። ለአምስት ደቂቃ አኝከው ምንም ሲያጡ «ይሄ ለኔ አይደለም» ብለው ሲጋራቸውን ለኩሰዋል። የአፍ ኒኮቲን ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ እንደምታጨሱ ካወቃችሁ፣ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ወዲያው ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ አማራችሁም አላማራችሁም በሰዓት ነው።

ፍጥነቱ ማነሱ ጥቅምም አለው። ቀስ ብሎ የሚገባ ኒኮቲን እንደ ሲጋራ አጥብቆ አያስርም። ከማስቲካ መላቀቅ ከሲጋራ ከመላቀቅ የሚቀለው አንድም በዚህ ነው።

የጠዋቷ ሲጋራ መጠኑን ትነግራችኋለች

ማስቲካም ከረሜላም በ2 እና በ4 ሚሊግራም ይሸጣሉ። የትኛውን ልግዛ ለሚለው ጥያቄ ፋርማሲዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ከእንቅልፍ ከነቃችሁ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የምትለኩሱት በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 4፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2። በቀን ስንት ታጨሳላችሁ ከሚለው ይልቅ ይህ ጥያቄ የሱሱን ጥልቀት በደንብ ያሳያል። ፊቱን ሳይታጠብ በረንዳ ላይ የሚወጣ ሰው «ቀስ ብዬ ልጀምር» ብሎ 2 ከገዛ፣ ገንዘቡን በከንቱ እንደጣለ ይቁጠረው።

ፓውች ላይ ግን ቁጥሩ ያሳስታል። 6 ሚሊግራም ተብሎ የተጻፈበት ፓውች 6 ሚሊግራም ደማችሁ ውስጥ ያስገባል ማለት አይደለም። ከፊሉ ፓውቹ ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ በምራቅ ይዋጣል። የማስቲካውም እንዲሁ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ማስቲካ፦ የቆየው፣ የተመሰከረለትና በስህተት የሚታኘከው

የኒኮቲን ማስቲካ የስዊድን ሥራ ነው። ሐሳቡ የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ የማይችሉ የባሕር ኃይል አባላት የአፍ ትንባሆ ሲጠቀሙ ከታየ በኋላ ነው። ኦቬ ፈርኖ የተባለ ተመራማሪ ሄልሲንግቦሪ ከተማ ባለ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ኒኮረት የተባለውን ማስቲካ ሠራ። አሜሪካ በ1984 በሐኪም ማዘዣ ፈቀደችው፣ በ1996 ደግሞ ያለ ማዘዣ። ይህን ያህል ዘመን በሰው ላይ የተፈተነ ነው። ማስቲካን፣ ፓችንና ከረሜላን የመሳሰሉትን የገመገሙት ትልልቅ ጥናቶች የሚሉት፣ እነዚህ የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ይጨምራሉ ነው። ተአምር አይደለም። ግን ፓውችና ስኑስ ይህን የሚያህል ማስረጃ የላቸውም።

ችግሩ ስሙ ነው። ማስቲካ ሲባል ሰው እንደ ባናና ማስቲካ ያኝከዋል። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ እንደዚያ ነበር ያደረገው። መኪናው ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረገ ሲያኝክ ቆይቶ ስቅታው አላቆም አለ፣ ሆዱ ተገለበጠ፣ ፓኬቱን ተሳፋሪ መቀመጫ ላይ ወርውሮ ነዳጅ ማደያ ገባ። ወጥቶ አጨሰ።

አኝካችሁ ስትውጡት ኒኮቲኑ ወደ ጨጓራ ይሄዳል። እዚያ ሆድ ያቃጥላል እንጂ አራራ አያበርድም። ከዚያ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ጉበት አብዛኛውን ይሰባብረዋል። ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ጥቂት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አኝኩት። በርበሬ በርበሬ የሚል ወይም የሚቆነጥጥ ነገር ሲሰማችሁ አቁሙ። በጉንጭና በድድ መካከል አስቀምጡት፣ አትንኩት። መቆንጠጡ ሲጠፋ፣ ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ እንደገና ጥቂት አኝካችሁ ወደ ሌላኛው ጉንጭ ውሰዱት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ያልቃል። አፍ ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ አብዛኛውን ቁጭ ብሎ ነው የሚያሳልፈው።

የሣጥኑ ላይ መርሐ ግብር 12 ሳምንት ነው። እስከ 6ኛው ሳምንት በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ አንድ፣ እስከ 9ኛው በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 12ኛው በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ። በቀን ከ24 አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ በቀን ቢያንስ 9 ይመከራል። የኛ ሰው ግን ቁጠባ ስለሚወድ ሦስት አራት ብቻ ይወስድና ማታ ላይ ያጨሳል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው፣ የመንጋጋ ሕመም ያለበት፣ ወይም ሥራው ላይ ማስቲካ ማኘክ ነውር የሆነበት ሰው ወደሚቀጥለው ይለፍ።

ከረሜላ፦ ማንም የማያይባችሁ

ያው ኒኮቲን፣ ያው 2 እና 4። ሳይታኘክና ሳይዋጥ ቀስ እያለ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ትልቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ትንሹ በ10 ደቂቃ ገደማ። በቀን ከ20 አይበልጥም። ደጋግማችሁ ወደ ሁለቱም ጉንጮች አዘዋውሩት፣ አንድ ቦታ ከቆየ ድድ ያቃጥላል። ቃርና ስቅታ ከማስቲካው ትንሽ ይበዛበታል። ከማስቲካው የሚሻለው እንደ ቴክኒክ ብዙ ስለማይጠይቅ ነው፤ ሊሳሳቱበት የሚችሉት በመቆርጠም ብቻ ነው። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለአብዛኛው ሰው ከረሜላውን እመርጣለሁ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ አፍ ውስጥ የሚረጭም አላችሁ። በአንድ ርጭት 1 ሚሊግራም ነው፣ ከአፍ መድኃኒቶቹ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። ጣዕሙ ያስነጥሳል ማለት ይቻላል። ድንገት ለሚነሳ አራራ ግን ጥሩ ነው።

ፓውች፦ ጥሩ ተተኪ፣ መጥፎ መውጫ

ዚን፣ ቬሎ፣ ኦን የሚባሉት ናቸው። ትንሽ ነጭ ከረጢት ናት፣ የሻይ ከረጢት ጥፍር ብታክል የሚሏት ዓይነት። ውስጧ የትንባሆ ቅጠል የለም። ኒኮቲን፣ የዕፅዋት ጭረት፣ ማጣፈጫና ጣዕም ነው ያለው። በላይኛው ከንፈርና ድድ መካከል ትገባለች፣ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ትቆያለች። ምራቅ አይተፋም። ጥፍር ላይ ቢጫ የለ፣ ልብስ ላይ ሽታ የለ። ስብሰባ ላይ፣ ኡበር እየነዱ፣ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው ማንም አያውቅም።

ከሲጋራ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ ጥር 2025 ላይ 20 የዚን ዓይነቶች እንዲሸጡ ፈቅዷል፣ ሁሉም ባለ 3 እና ባለ 6 ሚሊግራም ናቸው። ምክንያቱ ያየው ማስረጃ ሙሉ በሙሉ ከሲጋራ ወደ እነሱ የዞረ አዋቂ አጫሽ እንደሚጠቀም ስላሳየ ነው። ያ ግን «ጤነኛ ነው» የሚል ማህተም አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። ማስቲካው እንደ መድኃኒት የተመዘገበ ነው፣ ፓውቹ እንደ ትንባሆ ምርት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ማስቲካው ከመጀመሪያው የተሠራው ሰው እንዲያቆም ነው፣ ሣጥኑ ላይ በስንት ሳምንት እንደሚቆም ተጽፏል። ፓውቹ የተሠራው ሰው እንዲገዛው ነው። ዚንን የሚሠራውን ስዊዲሽ ማች የተባለ ኩባንያ በ2022 የገዛው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የማርልቦሮው ፊሊፕ ሞሪስ ኢንተርናሽናል ነው። ለነሱ ጥሩ ደንበኛ ማለት የማያቆም ደንበኛ ነው።

ማጨስ ለማቆም ፓውች ምን ያህል ይረዳል የሚለው ላይ ያለው ጥናት ገና ትንሽ ነው። ስለዚህ እንደ ሁለተኛ ምርጫ ነው የማየው። ማስቲካና ከረሜላ ሞክሮ ሁለቴ የወደቀ ሰው፣ ወይም የመድኃኒት ጣዕም የሚያስጠላው ሰው፣ ወደ ፓውች ቢዞር ወደ ሲጋራ ከሚመለስ ይሻለዋል። በዚህ አልከራከርም።

መጠኑን ግን ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 3 እና 6 ነው። አውሮፓ ውስጥ በየኪዮስኩ 20 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ የሚል ጣሳ ታገኛላችሁ። በቀን ግማሽ ፓኬት የሚያጨስ ሰው እሱን ከንፈሩ ሥር ቢያስገባ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። ዝቅ ካለው ጀምሩ። ለብዙ ሰው 6 በቂ ነው፣ ለቀላል አጫሽ ደግሞ 3።

ሕጉም አገር ለአገር ይለያያል። ቤልጂየም ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች፣ ኔዘርላንድስም ተከትላለች። ሳዑዲ ደግሞ በተቃራኒው የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ያቋቋመው ባዳኤል የተባለ ኩባንያ ድዝርት የሚል ፓውች ከ2023 ጀምሮ እየሸጠ ነው። ጂዳና ሪያድ ያላችሁ በየሱቁ የምታዩት እሱን ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ስትልኩ ቬፕን (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን) ከሻንጣችሁ አውጡት፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው። ለሚያጨስ አባት ወይም ወንድም የሚላከው ማስቲካና ፓች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ፓናዶል በየፋርማሲው የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ የአንድ ሳምንት ሳይሆን የሦስት ወር ያህል ላኩ።

ስኑስና ዘመድ መሳዮቹ

ስኑስ እውነተኛ ትንባሆ ነው፤ ተፈጭቶ፣ በእንፋሎት ተሞቆ፣ በከረጢት ወይም በልቅ የሚሸጥ። የስዊድን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ሽያጩን ከልክሏል፣ ስዊድን በ1995 አባል ስትሆን ለራሷ ነጻ ፈቃድ ይዛ ገባች። ዛሬ ስዊድን ውስጥ በየቀኑ የሚያጨስ አዋቂ ከመቶ 5 ወይም 6 ገደማ ነው፣ የኅብረቱ አማካይ ግን ከዚህ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የስዊድን ወንዶች በሳንባ ካንሰር የሚሞቱበት መጠንም ከኅብረቱ አገሮች ዝቅተኛው ነው። ስኑስ ብቻውን ያመጣው አይደለም፣ ግብሩም፣ ከ2005 ጀምሮ ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ መከልከሉም አለበት። ቢሆንም ድርሻው ትልቅ መሆኑን ብዙ ተመራማሪ ይቀበላል። ኤፍዲኤም በ2019 ጄኔራል የተባለው ስኑስ ከሲጋራ ይልቅ ለሳንባና ለአፍ ካንሰር፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያነሰ አደጋ እንዳለው ጣሳው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

ነቀፋው ደግሞ ይህ ነው። አብዝቶ መጠቀም ከስኳር በሽታ ጋር ተያይዟል። እርጉዝ ሴት ከተጠቀመችበት ያለጊዜው መውለድና ሞቶ የመወለድ አደጋ ይጨምራል። ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ደርሶበት ስኑስ የቀጠለ ሰው ካቆመው ሰው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ከፍ ብሎ ታይቷል። ከንፈር ሥር ድዱ ይሸሻል። ፓውች ባለበት ዘመን ትንባሆውን ለመምረጥ ምክንያት አይታየኝም፣ ስቶክሆልም ተወልዶ የለመደው ካልሆነ በቀር።

አሁን የሚያሳስበኝ ጉዳይ። ስለ ስዊድን ስኑስ የተባለውን ሰምቶ «እንግዲያው የአፍ ትንባሆ ሁሉ ቀላል ነው» የሚል ሰው አለ። ይህ ክፉ ስህተት ነው። የሱዳን ቶምባክ ከሌላ የትንባሆ ዝርያ ተሠርቶ፣ ከአትሩን (ሶዳ መሰል ጨው) ጋር ተለውሶ ለሳምንታት ይቦካል። በዚህ ሂደት ናይትሮሳሚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ነገር ይከማቻል፣ መጠኑም በዓለም ከተለኩት የአፍ ትንባሆዎች ከፍተኛው ነው። ስኑስ ይህን ያህል ዝቅ ያለው ስለሚሞቅና ስለማይቦካ ነው። የየመኑና የጂዛኑ ሸማም ከአፍ ካንሰር ጋር የተያያዘ ነው። የኛ ሱረትም በአፍንጫ ይሳብም ከንፈር ሥር ይደረግም፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚቆጣጠር የለም። ከሲጋራ ወደነዚህ መዞር ጉዳት መቀነስ አይባልም።

ቡናውና ጫቱ

እዚህ ላይ የፈረንጅ መመሪያዎች ምንም አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም እነሱ አቦል ቶና በረካ አይጠጡም።

አንደኛ ነገር። ኒኮቲን በአፍ ቆዳ የሚያልፈው አፍ ውስጥ ያለው ምራቅ ከአሲድ ወደ አልካሊ ሲያደላ ነው። ማስቲካውና ፓውቹ ውስጥ ለዚህ ተብሎ ሶዳ መሰል ነገር ተጨምሮበታል። ቡና፣ ኮካ፣ ቢራና የብርቱካን ጭማቂ አሲድ ናቸው። ስኒውን እየጠጣችሁ ማስቲካ ብታኝኩ ኒኮቲኑ አይገባም፣ ይዋጣል። ስለዚህ ቡናውን ጨርሱ፣ በውኃ ተጉመጥመጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ያዙ። ወይም ጀበናው ገና እሳት ላይ እያለ፣ ቆሎው ሲቀርብ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ከረሜላውን ጨርሱት። ቤተ ዘመድ መሃል ቡና ሲፈላ ግማሽ ሰዓት መቼም አለ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ ካፌይን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያፈጥነዋል። አጫሽ ሰው ቡና ጠጥቶ ጋደም የሚለው ለዚህ ነው። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ ወደ ማስቲካ ወይም ፓውች ስትዞሩ ያው ሦስት ስኒ ቡና ደማችሁ ውስጥ እጥፍ ገደማ ሊቆይባችሁ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው ላይ ያስጮኻል። ሰውየው «ሲጋራ ማቆሜ ነው ያሳበደኝ» ይላል። ቡናው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግማሽ ቀንሱት፤ በረካውን ለሌላ ስጡ።

በዚሁ መንገድ የሚሰባበሩ መድኃኒቶችም አሉ፦ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊን። እነዚህን የሚወስድ ሰው ማጨስ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፣ መጠኑ መቀነስ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ ቀልድ አይደለም።

ጫት የባሰ ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሲጋራን ሳያውቀው ነው የሚለኩሰው። ጉንጭ በጫት ተሞልቶ ማስቲካ አይሆንም። ፓውች ከላይ ከንፈር ሥር ቢገባም ምራቁ ስለሚበዛ ይዋጣል፣ ከኮካው ጋር ደግሞ ምንም አይገባም። ልብ ላይ ሁለት ማነቃቂያ በአንድ ጊዜ መጨመሩም አለ። ከዚያ ጨብሲው ይመጣል፣ ከጨብሲው ጋር ሲጋራው። መቃም የማይቀርላችሁ ከሆነ የዚያን ቀን ነገር ፓች ነው፤ ጠዋት ተለጥፎ የሚውል፣ አፍ የማይፈልግ። ለመጀመሪያው ወር ጫቱን መተው ደግሞ ከፓቹ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ፍራሽ ላይ ነው።

ፓቹን ለብቻ አትዩት

ይህ ስለ አፍ ኒኮቲን ነው፣ ግን ፓቹን ሳላነሳ ባልፍ እበድላችኋለሁ። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ የሚያጨስ ሰው በ21 ሚሊግራም ይጀምራል፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 7። ፓቹ ቀኑን ሙሉ ወለሉን ይይዛል፣ ማስቲካው ወይም ከረሜላው ብቅ የምትለውን አራራ ይመታል። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት እንዳለው በደንብ ተረጋግጧል። ለከባድ አጫሽ መነሻው ይህ ጥምረት ቢሆን እመርጣለሁ። ረመዳን ላይ ደግሞ ቀን ማስቲካም ፓውችም ስለማይሆን ብዙ ሰው ወደ ፓች ይዞራል፤ የጾሙን ጉዳይ ግን ሼኹን ጠይቁ።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ጠዋት በነቃ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለኩስ፣ በቀን ፓኬት የሚጨርስ ሰው፦ ፓች ከ4 ሚሊግራም ከረሜላ ጋር። መኪና እየነዳ የሚውል፦ ከረሜላ፣ ካልሆነ 6 ሚሊግራም ፓውች። ቅዳሜና እሑድ ከመጠጥ ጋር ብቻ የሚያጨስ፦ አንዱንም አትግዛ፣ ከጓደኞችህ አንዱን «ዛሬ እንዳትሰጠኝ» በለው፤ በየቀኑ ፓውች የሚጠቀም ሱሰኛ ሆነህ እንዳትወጣ። እርጉዝ፦ ያለ ሐኪም ምንም። ስኑስና ፓውች ጨርሶ አይሆኑም፤ ሐኪሟ ካመነበት ማስቲካ ወይም ፓች ሊያዝ ይችላል። በቅርቡ የልብ ሕመም የገጠመው፦ ሐኪሙን ያማክር፣ ግን «ኒኮቲን አይነካኝም» ብሎ ማጨሱን መቀጠል ከሁሉ የከፋው ነው።

ቤት ውስጥ ልጅ ላለው ደግሞ አንድ ነገር። አሜሪካ ውስጥ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፓውች መዋጣቸው ለመርዝ ማዕከላት የተነገረበት መጠን ከ2020 እስከ 2023 በ763 በመቶ ጨምሯል። ጣሳው ከረሜላ ይመስላል፣ ሽታው ሚንት ነው። መኪና ኪስ ውስጥ አታስቀምጡት። ያገለገለችውም ውስጧ ኒኮቲን አለ፤ በጣሳው ክዳን ላይ ያለው ትንሽ ቦታ ለዚያ ነው። ሕፃን አፉ ውስጥ ካስገባ አሜሪካ 1-800-222-1222 ይደወላል።

ሁለት ቢላዋ

ከምርጫው ሁሉ የሚበልጥ ስህተት አለ። ሲጋራውንም ፓውቹንም መያዝ። ቢሮ ውስጥ ፓውች፣ በረንዳ ላይ ሲጋራ። «ከ20 ወደ 3 አውርጃለሁ» ብሎ ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ለሳንባ ካንሰር ቁጥሩ መቀነሱ ይጠቅማል። ልብ ላይ ግን እንደዚያ አይሠራም። በ2018 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ሰው ካለበት ተጨማሪ የልብ አደጋ ግማሽ ገደማውን እንደሚሸከም አሳይቷል። ሃያውን በ19 ቀንሶ ግማሽ አደጋ ይዞ መቅረት ማለት ነው። ከአፍ ኒኮቲን የሚገኘው ጥቅም ያለው ሲጋራው ዜሮ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ቀን ቁረጡ። ውጤቱ በ2016 በወጣ የእንግሊዝ ሙከራ ላይ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ይልቅ በአንድ ቀን ያቆሙት በተሻለ ጸንተዋል፤ በአራተኛው ሳምንት 49 በመቶ ለ39። ከቀኑ በፊት ማስቲካውን ወይም ከረሜላውን ግዙ፣ አያያዙን ተለማመዱ። በቀኑ ዋዜማ ሲጋራውንም ላይተሩንም ከቤት አውጡ። «ለክፉ ቀን» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ፓኬት አይኑር። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-784-8669 ደውሉ፤ ብዙ ግዛቶች ማስቲካና ፓች በነጻ ይልካሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ሜዲኬይድ ያለው ደግሞ መድኃኒቱ ይሸፈንለታል፣ ለዚህ ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጠውንም ሐኪም ቢጽፈው ይሻላል።

ማስቲካና ከረሜላ የራሳቸው መርሐ ግብር ስላላቸው እሱን ተከተሉ። ፓውች ላይ ያላችሁ ግን ራሳችሁ ማውጣት አለባችሁ። ሲጋራውን ካቆማችሁ ሁለት ሦስት ወር በኋላ ከ6 ወደ 3 ውረዱ። እሱ ላይ ስትረጋጉ ቁጥሩን ቀንሱ፤ በየሳምንቱ ከቀኑ አንዷን አስወግዱ። መጀመሪያ የምትሄደው ያለ ምክንያት የምትገባው ናት፣ ቴሌቪዥን ላይ እጅ ሥራ ሲያጣ የምትወሰደው። ከምሳ በኋላ ያለችውና የጠዋቷ ለመጨረሻ ይቆዩ። ሦስት ሚሊግራም ላይ በቀን ሁለት ቀርተው ሳለ ከባድ ጭንቀት፣ ሐዘን ወይም የሥራ ማጣት ቢመጣ እዚያው ላይ ቁሙ፣ አትውረዱ፤ ወደ ሲጋራ እስካልተመለሳችሁ ድረስ ጊዜ አላችሁ።